ምንጩን ያደረቀው ሰውዬ

«በድንጋይ በይው፤ ምንጩን ያደረቀው እሱ ነው» የሚል የሴት ልጅ ድምፅ ከሳሎን ሲመጣ ተናኜ አልጋዋ ጫፍ ላይ ተቀምጣ ሻሿን እያሰረች ነበር። እጇ አንገቷ ሥር ቀረ። ድምፁ የአሚራ ነው። አሚራ የልጅ ልጇ የኤልዳና ጓደኛ ናት፤ አንድ ክፍል የተማሩ፣ አንድ ቀን የተመረቁ፣ ሁለት ዓመት ሙሉም አንድ ላይ ሥራ ያጡ። ለተናኜ ግን አሚራ ከዚያ በፊት ሌላ ሰው ናት፤ የሮባ የልጅ ልጅ ናት። ከአሰላ በላይ፣ ወደ ጭላሎ በሚያወጣው ተዳፋት የሚኖሩ ሽማግሎች ከኋላው «ምንጭ አድራቂው» እያሉ ሲያሙት ኖረው፣ የዛሬ ስምንት ዓመት ከነስሙ የቀበሩት ሮባ። ልጅቷ ያደገችው ኢተያ፣ አባቷ ዘንድ ነው፤ አያቷ ቤት የገባችው ለዩኒቨርሲቲ ስትመጣ ነውና ያን ስም የነገራት የለም። እና አሁን ሶፋ ላይ እግሯን አጣጥፋ የገዛ አያቷን በድንጋይ ታስደበድባለች። እየሳቀች።

ሳሎኑ እንደ ወትሮው አልነበረም። ሶፋው ላይ ብርድ ልብስ፣ ጠረጴዛው ላይ ሁለት የሻይ ብርጭቆና ግማሽ አምባሻ፣ መሬት ላይ እንደ እባብ የተጠማዘዘ የመብራት ገመድ። ልጆቹ ስምንት ወር ሙሉ «ጌም» የሚሉትን ነገር ሲሠሩ ከርመዋል። ዛሬ ከሰዓት በስምንት ሰዓት ከተማው አዳራሽ ውስጥ ለውድድር ይቀርባል፤ ርእሱ አካባቢን መጠበቅ ነው ተብሏል። ያሸነፈውን አዲስ አበባ ወስደው ስድስት ወር ያሠለጥኑታል፣ ከዚያ ሥራ ያስገቡታል። ኤልዳና ይህን ከሰማች ጀምሮ እንቅልፍ አታውቅም፤ ጉንጯ ገብቷል፣ ጥፍሯን በልታ ጨርሳለች። እናቷ አዳማ ሆቴል ውስጥ አልጋ እያነጠፈች ነው ያስተማረቻት። ባለፈው ፋሲካ መጥታ ስትመለስ በር ላይ ቆማ «ዲግሪሽን ቀቅለሽ ብዪው» ብላት ሄዳለች።

ተናኜ ከሶፋው ኋላ መጥታ ቆመች። ፊደል አትቆጥርም፣ ዓይኗ ግን የአሞራ ነው። ላፕቶፑ ላይ ያየችውን አገር ወዲያው አወቀችው። ጭላሎ ነው። ጫፉ ላይ ጉሙ እንደ ጋቢ ተጠምጥሞ፣ ከሥሩ የገብስ ማሳ፣ በማሳው መሃል ሽቅብ የሚወጣው ቀጭን መንገድ፣ መንገዱ ሁለተኛ ሲታጠፍ ሴት እንስራዋን አሳርፋ ትንፋሽ የምትሰበስብበት ጠፍጣፋ ድንጋይ። ድንጋዩ ሳይቀር አለ። ከላይ ደግሞ ከጥቁሩ ቋጥኝ ሥር ቡርቃ ጉራቻ፤ በኦሮምኛ ጥቁሩ ምንጭ ማለት ነው፣ በዚያ አገር ግን አማራውም ኦሮሞውም በሌላ ስም ጠርቶት አያውቅም። ውሃው ይንፎለፎላል። ድምፅ አለው። ተናኜ ያን ድምፅ ከሰማች ሠላሳ አራት ዓመት ሆኗታል።

ይህን ሁሉ የሰጠቻቸው እሷ ናት። ስምንት ወር ሙሉ ኤልዳና ስልኳን አፏ ሥር እየደቀነች «እማማ፣ ያኔ እዚህ ጋ ምን ነበር?» ትላታለች፤ ተናኜ ደግሞ እንኳን ተጠይቃ ሳትጠየቅም የምትናገር ሰው ናት። ያልተማረን ሰው ማን ይጠይቃል? ቀበሌ እንኳ የሚጠራት ለጣት አሻራ ነው። እና ዘረገፈችው። የኮሶው ጫካ ከየት እስከ የት እንደነበር፣ ጅቡ የት እንደሚውል፣ ውሃ በማን ተራ እንደሚቀዳ። አንድ ቀን ታዲያ ልጅቷ «ውሃውን ምን ነካው?» ስትላት፣ ምላሷ የለመደውን መንገድ ተከትሎ ነጎደ። ባለ ዳማ ፈረስ አንድ ሰውዬ ነበር፣ ኮሶውን ቆረጠው፣ ውሃውም ተቀይሞ ሸሸ አለቻት። ስሙን አልጠራችም። ስሙን አለመጥራቷን እንደ ደግነት ቆጥራው ነበር።

አሁን ያ ሰውዬ በፈረስ ሆኖ ከተራራው ወረደ። ፈረሱ ዳማ ነው፤ ግንባሩ ላይ ነጭ ኮከብ፣ የኋላ ግራ እግሩም ነጭ። ሰውዬው ወረደና መጥረቢያውን አውጥቶ ኮሶውን መታው። ዛፍ በወደቀ ቁጥር አገሩ ይገረጣል፣ ከላይ ጥግ ያለችው የቅጠል ምልክት ትጠወልጋለች። ተጫዋቹ የሚነዳት፣ እንስራ ያዘለች ትንሽ ልጅ በድንጋይ ስታባርረውና በምትኩ ችግኝ ስትተክል ደግሞ ሜዳው ይለመልማል፣ ምንጩ ይሞላል። ጨዋታው ይኸው ነው። መትከል ጽድቅ፣ መቁረጥ ኃጢአት፤ ከዚያ ወዲህ ሌላ ሕግ የለውም።

ተናኜ ፈረሱን እንዲህ አድርጎ የሳለው ማን እንደሆነ ጠየቀች። አሚራ ተነሥታ ጉንጯን ሳመቻትና እኔ ነኝ አለች። ኤልዳና ዳማ ነው ስትላት የራሷ አያትም እንደዚህ ያለ ፈረስ ነበራቸው ሲባል መስማቷ ትዝ ብሏት፣ አኮን፣ ማለት ሴት አያቷን ራቢያን፣ ብትጠይቃቸው ኮከቡንም የእግሩን ነጭም ነገሯት። «በሕይወቴ እንደዚያን ቀን ደስ ብሏቸው አይቻቸው አላውቅም» አለች አሚራ። «የነገርኳቸው የፈረሱን ነገር ብቻ ነው፤ ዛሬ ሊያዩት ይመጣሉ።»

ተናኜ «ደግ» አለች። ግማሹ የታሰረውን ሻሿን አጥብቃ ቋጠረችው።

እውነቱ አጭር ነው፤ ያስረዘመችው ተናኜ ናት። ደርግ ሊወድቅ አራት ዓመት ሲቀረው ከችግኝ ጣቢያ ሦስት መቶ የባህር ዛፍ ችግኝ አምጥታ በደረሳት መሬት ላይ፣ ልክ ምንጩ ዙሪያ፣ እርጥቡ ላይ ተከለችው። ሮባ በፈረሱ ሲያልፍ ቆሞ ይሄ ዛፍ ጠጪ ነው፣ ከውሃው አርቂው ብሏት ነበር። «ጠላ ልጥመቅለት እንዴ?» ብላ ሰው አሳቀችበት። ውሃው በየዓመቱ እየቀጠነ ሄደ። በአራተኛው ዓመት ነጥፎ ሽማግሎች ሲሰበሰቡ፣ መጀመሪያ የተነሣችው ተናኜ ናት፤ ሮባ በዚያው ዓመት መብረቅ የመታው አንድ ኮሶ ለበር መቃን ቆርጦ ነበርና በሱ ላይ አላከከችው። በዚያ ምላስ ማን ይከራከራታል? ሮባ አንድ ቃል አልተናገረም። የፈረሱን ልጓም ይዞ በእግሩ ሄደ። ባህር ዛፉ ግን አደገ፤ ተሸጠ፣ አቆጠቆጠ፣ እንደገና ተሸጠ። ይህ የቆመችበት ቤት ማገሩም ቆርቆሮውም ከዚያ ነው የወጣው። ዛሬም ድረስ ጨውና ዘይቷ ከዚያ ነው።

ኤልዳናን ጠርታ ወደ ጓዳ አስገባቻት። ከጓዳው በር ኋላ የወይራ እጀታ ያለው መጥረቢያ ተደግፎ ነበር፤ ተናኜ እንዳታየው ፊቷን ወደ ምድጃው አዞረች።

«ያንን ሰውዬ አውጪው።»

«የቱን?»

«ባለ ፈረሱን።»

ኤልዳና ሳቀች። ከዚያ አያቷ እንደማትቀልድ ገባትና ሳቁ ፊቷ ላይ ደረቀ። ሥራው ትናንት ገብቷል፣ አንድ ነገር ቢነካ ከውድድር ውጪ ናቸው አለች። ደግሞም ጠላት የሌለው ጨዋታ ጨዋታ አይደለም። ተናኜ ጠላቱ ድርቅ ይሁን አለቻት። «ድርቅ ፊት የለውም፣ እማማ። ተጫዋቹ የሚያየው ፊት ይፈልጋል» አለች ልጅቷ። ያ ቃል ተናኜ ላይ እንደ እሾህ ተሰካ፤ ያኔ ሽማግሎቹም የፈለጉት እሱን ነበር፣ ፊት።

«ትንሿ ልጅ የምትተክለው ዛፍስ ምን ዛፍ ነው?»

«ዛፍ ነዋ።»

«ዛፍ ስም የለውም? ባህር ዛፍ ነው የሳላችሁት።»

ኤልዳና ትከሻዋን ሰበቀች። አሚራ ተራራው ላይ የምታየውን ነው የሳለችው፤ እዚያ ሌላ ዛፍ የት አለ? ከዚያ ጠጋ ብላ የአያቷን ዓይን ዓይን እያየች «ለምንድን ነው ግን፣ እማማ? አንድ ነገር ካለ አሁን ይንገሩኝ» አለቻት። ተናኜ ማሰሮ አነሣች። ማሰሮው ባዶ ነበር። መልሳ አስቀመጠችው። ሽንኩርት ስለማለቁ አንድ ነገር ተናገረች፤ ኪሎው መቶ ሃያ ገብቷል አለች። ኤልዳና ወጣች።

ተናኜ የማታውቀው ነገር መፍራትን ነው፤ ቢያንስ እንደዚያ ትላለች። አምስት ሰዓት ላይ ግን ነጠላዋን ደርባ መንገድ ላይ ቆማ ባጃጅ ታስቆም ነበር። ልታደርግ ያሰበችው ቀላል ነው፤ ራቢያን እንዳትመጣ ማስቀረት። ራቢያ ካልመጣች ፈረሱን የሚያውቅ ዓይን አዳራሹ ውስጥ አይኖርም፤ ልጆቹ ያሸንፋሉ፣ ሙት ደግሞ ከሙት በላይ አይሞትም። ባለ ባጃጁ እስከ ላይ ሁለት መቶ ብር አለ። «ሁለት መቶ? ተራራውን ጭነህ ልታወርድልኝ ነው?» አለችው፤ በመቶ ሃምሳ ሄዱ። የብቅል ፋብሪካውን ሽታ የተሸከመው ንፋስ በጎን ገባ። የፈረስ ጋሪዎቹ ገብስ ጭነው ቁልቁል ይወርዳሉ። ኮብልስቶኑ ሲያልቅ ከተማው አለቀ፣ ብርዱ ጨመረ፣ ከፊታቸው የተናኜ ባህር ዛፍ ቆመ፤ ቀጥ ያለ፣ ጥቅጥቅ ያለ፣ ከሥሩ ሣር የማይበቅልበት። በውስጡ ጥቁሩ ቋጥኝ ይታያል። ደርቆ ሸረሪት ያደራበት ነው። ተናኜ በዚህ ሁሉ ዓመት እዚህ ስትመጣ አጣና ልትቆጥር እንጂ ቋጥኙን ልታይ አልነበረም፤ ዛሬ ግን የጠዋቱ ድምፅ ጆሮዋ ውስጥ ስላለ አየችው።

ራቢያ ግቢዋ በር ላይ ቆማ ነበር። ጨርሳ ለብሳለች፤ አዲስ ሻርፕ፣ በሳጥን የከረመ የብር ጌጥ፣ በእጇ ሲንቄዋ። ሲንቄ የአርሲ ሴት ስትዳር ከእናቷ የምትቀበለው ቀጭን ዘንግ ነው። ለመደገፊያ አይያዝም፤ ለክብር ቀን ነው፣ ወይም ለፍርድ።

«ተናኜ። በሬን እንዴት አገኘሽው?»

«ባጃጁ አገኘው።»

«ሮባ የሞተ ጊዜ ባጃጅ አልነበረም መሰለኝ።»

ተናኜ ዋጠችው። ያኔ ስኳር በሰው ልካ ነበር፤ ራሷ አልመጣችም። ገብሱ እንዴት ነው፣ ላሟስ ወለደች ወይ ብላ ጠየቀች፤ ራቢያም ገብሱ ደህና ነው፣ ላሟም ወልዳለች አለች። ተቀመጪ ግን አላለቻትም። ከዚያ ተናኜ ወደ ነገሯ ገባች። አዳራሹ ብርድ ነው፣ ወንበሩ ፕላስቲክ ነው፣ ወገብ ለሚያመው ሰው አይሆንም፣ ልጆቹ ማታ በስልክ ሊያሳዩሽ ይችላሉ እያለች ቃል ደረደረች።

«አትምጪ ነው የምትዪኝ?»

«እኔ ምን አገባኝ። ለወገብሽ አስቤ ነው።»

ራቢያ ረጋ ብላ አየቻት። ከዚያ ፊቷ ተፈታ፤ ለተናኜ ሳይሆን ለራሷ እንደምትናገር ሁሉ ድምጿ ለሰለሰ። «አሚራ የሮባን ፈረስ ሥላዋለች» አለች። «ሲቀብሩት በዚህ አገር አንድ ደህና ቃል የተናገረለት ሰው አልነበረም። ሸፍነውት ተመለሱ፣ አለቀ። ዛሬ በልጅ ልጁ እጅ፣ ሰው ሁሉ ፊት ይነሣል። ወገቤ ቢሰበር እንኳ በደረቴ ተስቤ እመጣለሁ።»

ተናኜ አሁን እውነቱን ብትናገር ይበቃ ነበር። እዚያው፣ ሁለቱ ብቻቸውን፣ ከላሟና ከጥጃዋ በቀር ሰሚ በሌለበት ማለት ትችል ነበር። አላለችም። ኩራት የሚሉት ነገር እንዲህ ነው፤ ሰው ሁሉ ፊት ያፏጫል፣ ብቻውን ሲሆን ድምፅ ያጣል። «እንግዲያው ባጃጁ ቆሟል፣ እንሂድ» አለች።

ቁልቁል ሲወርዱ ትከሻ ለትከሻ ተጣበው ነበር፤ ራቢያ ሲንቄውን እንዳይነካባት በመስኮቱ በኩል ይዛዋለች። ባህር ዛፉ ጋ ሲደርሱ ራቢያ ዞር ብላ ወደ ቋጥኙ አየች። ተናኜ ፊቷን ወደ መንገዱ መለሰች። ባለ ባጃጁ ስለ ቤንዚን ወረፋ እያወራ ወሰዳቸው።

አዳራሹ ውስጥ ስድሳ ሰው ያህል ነበር። ከፊት ሦስት ዳኞች ተቀምጠዋል፤ በየፊታቸው የፕላስቲክ ውሃ። መድረኩን የሚመራው ወንደሰን የሚባል፣ ከጎጃም ተመድቦ የመጣ መምህር ነው፤ ሳቂታ ሰው ነው፣ ለሁሉም «በጣም ግሩም» ይላል። መጀመሪያ አንድ ወጣት ከላስቲክ ስለተሠራ ጡብ አስረዳ፤ በጣም ግሩም ተባለ። ከዚያ ኤልዳናና አሚራ ወጡ። መብራቱ ጠፍቶ ጭላሎ ግድግዳውን ሙሉ ሲያበራ ሰው ሁሉ «ውይ» አለ። ከኋላ ያሉ ሽማግሎች መንገዱን፣ ጠፍጣፋውን ድንጋይ፣ ምንጩን በጣታቸው እየጠቆሙ ይንሾካሾኩ ጀመር። የውሃው ድምፅ ሲሰማ አዳራሹ ጸጥ አለ። ኤልዳና ስትናገር ድምጿ አልተንቀጠቀጠም። እኛ ያላየነውን አገር ነው የሠራነው፣ ከትልልቅ ሰዎች አፍ ለቅመን፣ ተጫዋቹ ያጣውን ነገር መጀመሪያ እንዲወደው ብለን ነው አለች። ዳኞቹ ይጽፋሉ። ተናኜ ልጅቷ እንደምታሸንፍ ያኔ ገባት። ማሸነፏ እነሱ ቤት ውስጥ ምን ማለት እንደሆነ ከሷ በላይ የሚያውቅ አልነበረም።

ከዚያ ፈረሱ ወረደ።

ራቢያ ወንበሯ ላይ ወደ ፊት ተጠጋች። «ሮባ» አለች በቀስታ፣ እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ፣ እንደ ሙሽራ። ሰውዬው ከፈረሱ ወርዶ መጥረቢያውን መዘዘ። ኮሶው ወደቀ፣ አገሩ ገረጣ። ኤልዳና «ይህ ምንጩን ያደረቀው ሰውዬ ነው» አለች፤ ትንሿ ልጅ ድንጋይ ወረወረች፣ ግንባሩን አገኘችው፣ ሰውዬው ከነመጥረቢያው ተገለበጠ። አዳራሹ ሳቀ። ከኋላ አንድ ሽማግሌ ከሳቁ በላይ ድምፁን ከፍ አድርጎ «ምንጭ አድራቂው እኮ ነው» አለ፤ ሌላው «እስ» አለው። ራቢያ አላለቀሰችም። ግድግዳውንም አላየችም። ቀስ ብላ ዞራ ተናኜን አየቻት፤ ዓይኗን አልነቀለችም።

የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም ይላሉ። ውሸት ነው፤ የወጋም አይረሳም።

ወንደሰን መብራቱን አብርቶ ከታዳሚው አንድ ሰው መጥቶ ይጫወት ሲል ልጆች እጃቸውን አወጡ። ተናኜ ግን እጅ አላወጣችም፤ ተነሥታ ወደ መድረኩ ሄደች። እናታችን ሊሞክሩ ነው፣ አጨብጭቡላቸው አለ ወንደሰን። ተጨበጨበ። ተናኜ ላፕቶፑን አልነካችውም፤ ኤልዳናን እኔ ልንገርሽ አንቺ ተጫኚ አለቻት።

«ልጅቷን ወደ ምንጩ አውጪያት። እዚያ ባህር ዛፎቹ ጋ። አሁን ቁረጪ።»

«እማማ፣ ከቆረጥን እንሸነፋለን።»

«ቁረጪ።»

ኤልዳና አያቷን አየች፣ ዳኞቹን አየች፣ ተጫነች። አንድ ዛፍ ወደቀ። አገሩ ገረጣ። ሁለተኛው፣ ሦስተኛው፤ የቅጠሏ ምልክት ጠወለገች፣ ምንጩ ቀጠነ፣ ሰው መሳቁን ተወ። የመጨረሻው ሲወድቅ ግድግዳው ቀላ፣ መሃሉ ላይ ጽሑፍ ወጣ። ተናኜ ምን ይላል አለች። «አገሩ ሞቷል ይላል» አለች ኤልዳና፤ ድምጿ አሁን ይንቀጠቀጣል። ወንደሰን ነገሩን ለማቅለል እየሳቀ እናታችን ዛፍ ቆርጠው ተሸነፉ አለ።

«የእርስዎ አገር የት ነው፣ መምህር?»

«ጎጃም።»

«እንግዲያው አይፍረዱ።» ማይክ አልያዘችም፤ አያስፈልጋትም። «እናንተ የኋላዎቹ ታውቁኛላችሁ። ይህን ምንጭ ያደረቀው ባለ ፈረሱ አይደለም። መብረቅ የመታው አንድ ኮሶ ነው የቆረጠው። ውሃውን የጠጣው ይሄ ልጆቹ ሲተክሉት የምታጨበጭቡለት ዛፍ ነው። ሦስት መቶ ችግኝ። የተከልኩት እኔ ነኝ። ውሃው ሲሸሽ በሰው ላከክሁ። እነዚህ ልጆች አልዋሹም፤ የሰሙትን ነው የሳሉት። የዋሸሁት እኔ ነኝ።»

አሚራ ከላፕቶፑ ጀርባ ፈዛ ቀረች። አንዴ ግድግዳውን፣ አንዴ አያቷን ታያለች። «አያቴ ናቸው?» አለች። ወንደሰን ሊናገር አፉን ሲከፍት ከጎኑ ያለው ዳኛ ኮቱን ጎተተው፤ ምክንያቱም ራቢያ ቆማ ነበር። ሲንቄዋን ይዛ የቆመችን ሴት በዚህ አገር ተቀመጪ የሚላት የለም።

«ስሙን አልጠራሽውም» አለች ራቢያ።

«ሮባ» አለች ተናኜ።

«ሮባ ምን ብሎሽ ነበር?»

«ይሄ ዛፍ ጠጪ ነው፣ ከውሃው አርቂው ብሎኝ ነበር።»

«አንቺስ?»

ተናኜ ለመጀመሪያ ጊዜ አንገቷን ደፋች። «አሳቅሁበት» አለች።

ራቢያ ተቀመጠች። ከኋላ ካሉት ሽማግሎች አንዱ ባርኔጣውን አወለቀ፤ ሌላው ወጥቶ ሄደ።

ውጤቱ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ተነገረ። አንደኛ የላስቲክ ጡቡ ወጣ። የልጆቹ ስም አልተጠራም። አንዱ ዳኛ መጥቶ ሥዕሉ በጣም ግሩም ነው፣ ይዘቱ ግን ማጣራት ይፈልጋል አላቸው። አሚራ ደጅ አጥሩን ተደግፋ ነበር። ኤልዳና የመብራቱን ገመድ ስትጠቀልል፣ ስትፈታ፣ እንደገና ስትጠቀልል ተናኜ አጠገቧ ቆመች። ልጅቷ ቀና ሳትል «ጠዋት ጓዳ ውስጥ ጠይቄዎት ነበር» አለች። ድምጿ ውስጥ ቁጣ አልነበረም፤ ቢኖር ይሻል ነበር። ተናኜ እጇን ልታነሣ ብላ ተወችው። ትንሽ ቆይታ ኤልዳና ላፕቶፑን አቅፋ ወደ አሚራ ሄደች፤ ሁለቱ ልጆች አጥሩ ሥር ጎን ለጎን ተቀመጡ።

ያመጣ ሰው ይመልሳልና ተናኜ ከራቢያ ጋር ባጃጁ ውስጥ ገባች። አሁን ሲንቄው በመሃላቸው ቆሟል፤ በመንገዱ ጉድጓድ ባጃጁ በዘለለ ቁጥር የተናኜን ጉልበት ይነካል፣ ራቢያም አታነሣውም። ፀሐይዋ ከኋላቸው እየወረደች ጭላሎ ላይ ታበራለች። የፈረስ ጋሪዎቹ ባዷቸውን ይመለሳሉ። ባህር ዛፉ ጋ ሲደርሱ ራቢያ ባለ ባጃጁን አቁም አለችውና ወረደች። ተናኜም ወረደች። ንፋሱ ከላይ ቅጠሉን ያሿሿዋል፤ ከሩቅ ለሚሰማው ውሃ ይመስላል። ተናኜ እያንዳንዱን ግንድ ታውቀዋለች፤ የትኛው ዘንድሮ ለአጣና እንደሚደርስ፣ የትኛው ለከርሞ ለምሰሶ። ሌላ ጡረታ የላትም።

«ነገ በጠዋት ነይ» አለች ራቢያ፣ ዓይኗ ቋጥኙ ላይ። «በሰው እንዳትልኪ። ራስሽ።»

«ቢቆረጥ ያቆጠቁጣል።»

«ሥሩን ከነገ ወዲያ እናወጣለን። ልጆቹም ይምጡና ይዩት፤ ከእንግዲህ ያዩትን ይሳሉ።»

ተናኜ ቆማ ቀረች። እምቢ ለማለት አፏ የለመደው ነው፣ ቃሉም ተዘጋጅቶ ነበር።

«ደግሞ» አለች ራቢያ፣ «መጥረቢያችንን ይዘሽ ነይ።»

ከጓዳው በር ኋላ የተደገፈውን ነው፤ ሠላሳ አራት ዓመት ይዛው የኖረችው፣ ኤልዳና የማን ነው ስትላት «የድሮ ነው» ያለችው፣ ሮባ ለአጥር ሥራ አውሷት በምን ዓይኔ ልመልሰው ብላ ያስቀረችው፤ ማንም አያስታውሰውም ብላ ነበር። ተናኜ ነጠላዋን ሳበች። የገዛ ዛፎቿን አንድ ጊዜ ከሥር እስከ ጫፍ አየቻቸው።

«ስለቱ ደንዝዟል» አለች።

«ሞረድ አለኝ» አለች ራቢያ፣ ሲንቄዋን ይዛ ዳገቱን እየጀመረች።